ባል አይገባም

የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የተሰበሰበው ባል ማዋለጃ ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን ለመወሰን ነበር። የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያዋ ባል በሚገባባቸው ሌሎች ሆስፒታሎች የወለዱ እናቶችን አነጋግራ የደረሰችበትን አቀረበች፤ ባሎቻቸው አጠገባቸው የነበሩት ፍርሃታቸው ቀሎላቸዋል። ቄሱም፣ «ለሠርጉ አብረው የቆሙ ለምጡ ለምን ይለያያሉ?» ብለው አሳቁ። እንቢ ያሉት ሰብሳቢው ሐኪም ብቻ ናቸው፤ ያለ ሙሉ ስምምነት ደግሞ ባል እንዳይገባ የሚከለክለው መመሪያ አይለወጥም።

«ወንድ ደም ሲያይ ይወድቃል። እናቲቱን ትተን እሱን ልናክም ነው?» አሉ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣» አለች የሕግ ባለሙያዋ ምንትዋብ፣ እርጉዝ ሆዷን ደገፍ አድርጋ፤ «ሴቲቱ ራሷ ከፈለገችውስ? መብቷ አይደለም?»

«ክብርት ጠበቃ፣ መብት ሌላ፣ ምጥ ሌላ።»

ምንትዋብ ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት የወጣው ጩኸት ነው። ምጧ መጣ! ስብሰባው ተበተነና ሁሉም ተረባርበው ማዋለጃ ክፍሉ በር ድረስ አደረሷት። አዋላጇ እሷን አስገብታ፣ ተከትለው ሊገቡ የነበሩትን ሰብሳቢ በክንዷ አገደቻቸው።

«ምን ማለትሽ ነው? እኔ እኮ ሐኪም ነኝ!»

«የዓይን ሐኪም ነዎት፣ ዶክተር። እዚህ ግን ባሏ ነዎት፤ ባል ደግሞ አይገባም።»

ከውስጥ የምንትዋብ ድምፅ ተሰማ፤ «አንተ! የት ቀረህ?»

ሰብሳቢው ላባቸውን እየጠረጉ ኮሪደሩ ላይ ወደቆሙት የኮሚቴ አባላት ዞሩ።

«ድምፄን ቀይሬያለሁ!»

ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። «ጸድቋል! በል ግባ፣ ልጄ።»