ከጉልበት ዝቅ ያለችው እድፍ

«እሷንም ወልውያት» አሉ ሽማግሌው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ በአገጫቸው ወደ ታች እያመለከቱ።

ተንከባካቢያቸው በርከክ ብላ እርጥቡን ጨርቅ ወደ ግድግዳው አስጠጋችና እጇን መለሰች። ከመኝታ ቤት ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ላይ አራት የእጅ እድፎች በደረት ከፍታ ተሰልፈዋል። ይህች አምስተኛዋ ግን ከመጸዳጃ ቤቱ ደፍ አንድ እርምጃ ሲቀራት፣ ከጉልበት ዝቅ ብላ፣ ጣቶቿ ተለይተው ወደ ወለሉ ተጎትታለች።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነው ነው?»

«ድመት ትሆናለች።»

«እኛ ቤት ድመት የለም።»

«የጎረቤት።»

«አምስት ጣት ያላት ድመት?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ሊውጡት ሞከሩ፤ አልዋጥ አላቸው። «ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ ምላስም አብቅሏል!» አሉ። አርባ ዓመት የሰው ቤት ቀለም ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። እጁን ግድግዳ ላይ የሚያሳርፍ ረዳት ካዩ በዚያው ቀን ያሰናብቱ ነበር። ሰማንያን ካለፉ ወዲህም ከዘራ አልይዝም፣ ምንም አልደገፍም ብለው ድርቅ እንዳሉ ነው።

እሷም ቃላቸውን አምና፣ ሦስት ወር ሙሉ ወለሉን ብቻ ስትጠብቅ ኖረች። ምንጣፉን ጠቅልላ አነሳች፤ የመብራቱን ገመድ ከጥግ አሰረች፤ የታጠበ ወለል ሳይደርቅ በዚያ በኩል አታሳልፋቸውም። ግድግዳውን ልብ ብላ ያየችው ገና ዛሬ ነው፤ ልጃቸው አሥር ሰዓት ላይ ስለምትመጣ ቤቱ ይፍካ ብላ።

«ማክሰኞ ነው» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጉልበቴ ከዳኝና ቁጭ አልኩ። ወደቀ አትበይኝ። ቁጭ ነው ያልኩት።»

«ለመነሳት ስንት ጊዜ ፈጀብዎት?»

«የሬዲዮው ዜና አልቆ ስለ ዝናብ ማውራት እስኪጀምሩ።»

«የት ያምዎታል?»

«መቀመጫዬን ነበር፤ እሱም ድሮም ሥጋ የለው፣ ሕመሙ ተወኝ። ይልቅ ወልውያት። ልጄ ያለችውን ሰምተሻል።»

ሰምታለች። ባለፈው እሑድ ልጅቱ እዚሁ በር ላይ ቆማ፣ «አንዴ ከወደቅህ አባዬ፣ አንተንም አልጋህንም ጭኜ እኔ ጋ ነው» ብላለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነው ያለችው።

«እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ?» አሉ። «የእሷ ቤት ግድግዳ እኮ በቀለም ፋንታ ወረቀት ነው የለጠፉበት!»

ጨርቁ ከእጇ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ጊዜ ብታሳልፈው አለቀ፤ ልጅቱ ንጹሕ ቤት አይታ፣ አባቷን ስማ ትሄዳለች፤ እሳቸውም ቤታቸው ይቀራሉ። እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ድረስ።

ተነሳችና ከመኝታ ቤቱ በር ጀምራ እድፎቹን ተከተለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፈዛዛ ናቸው፤ ነካ አድርገው ያለፉባቸው። ሦስተኛው ጠቆር ብሏል። አራተኛው ሙሉ መዳፍ ነው፤ እዚህ ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ከዚያ ወዲያ የሚያዝ ነገር የለም። ከሌላው ግድግዳ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ይታያል፤ ወገብ ድረስ የሚደርሰው የእንጨት ጫማ ሣጥን የነበረበት።

ክው አለች። ሣጥኑን ያወጣችው እሷ ነች። መንገዱን አጠበበ፣ እግራቸውን ያደናቅፋል ብላ፣ ሰኞ ዕለት እየገፋች ጓዳ አስገባችው።

«አባባ፣ ሣጥኑን ይይዙት ነበር እንዴ?»

ሽማግሌው የሹራባቸውን ቁልፍ ይቆልፉ ጀመር።

«ሳወጣው ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«‹አሁን ገና ሰፋ!› ብለሽ አጨበጨብሽ» አሉ። «እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ወዲያው ልጅቱ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። ተንከባካቢዋ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። እድፏ እንዳለች ናት።

«ምነው ፊታችሁ?» አለች ልጅቱ።

«ጥፋት አለብኝ» አለች ተንከባካቢዋ፣ ወኔዋ ሳይከዳት። «አባባ የሚደገፉትን ሣጥን ሳልጠይቃቸው አንስቼባቸው...»

«እሷ ምን አደረገች!» ሽማግሌው ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ። «ማክሰኞ ወድቄያለሁ። እዚህች ጋ። ቁጭ ማለት አይደለም፤ ወድቄ ነው።»

ልጅቱ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተንበረከከች። መዳፏን በእድፏ ላይ አደረገች።

«ሦስት ቀን ሙሉ? እኔን ፈርተህ?»

«አንቺን አይደለም። ወረቀትሽን።»

ልታለቅስ የነበረችውን ልጃቸውን ሳቅ አመለጣት። «ሣጥኑ ይመለስ?» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«ሣጥን ይንሸራተታል» አለች ተንከባካቢዋ። «መደገፊያ ብረት ይተከልላቸው፤ ከበሩ እስከ ደፉ ሳይቋረጥ። ከፍታውን እንደሆነ በእጃቸው ምልክት አድርገውልናል።»

«ግድግዳዬ ሊበሳ ነው?»

«ወይ ግድግዳው ይበሳል፣ ወይ አንተ ትሄዳለህ» አለች ልጅቱ። «ምረጥ። ደግሞ ዳግመኛ ብትወድቅ በዚያችው ደቂቃ ነው የምትደውልልኝ።»

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ዱሮ ሥራ ሲረከቡ እንደሚያደርጉት። «የስቱኮ ልስኑ ወፍራም ነው፤ ረጅም ቡሎን ይፈልጋል» አሉ በመጨረሻ። «በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ ካልተተከለ ደግሞ እነቅለዋለሁ።»

«ርዝመቱስ?» አለች ተንከባካቢዋ።

«ሜትሬን ለማን እንዳዋስኩት እንጃ።»

ልጅቱ አንድ ክንዷን በክንዳቸው ውስጥ አሳልፋ እስከ መኝታ ቤቱ በር ወሰደቻቸው። እዚያ ቆመው የግራ እጃቸውን ስንዝር ግድግዳው ላይ ዘረጉ። «አንድ» አሉ። እሷም አውራ ጣቷን ከትንሿ ጣታቸው ጫፍ ጋር ገጥማ የራሷን ዘረጋች።

«ሁለት» አለች።