በቀን አምስት ቃል

መምህርቷ ትሠራበት የነበረው ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቤት ለቤት እየዞረች እንግሊዝኛ ታስጠናለች። ዘዴዋ አንድ ነው። ከእንግሊዝኛ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ በቀን አምስት ከበድ ያሉ ቃላት ማውጣት፣ ትርጉማቸውን መጻፍ፣ ከዚያ በየቃሉ የራስን ዓረፍተ ነገር መሥራት። ለፈተና የሚዘጋጁ ብዙ ልጆችን በዚህ መንገድ አሳልፋለች። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ተማሪ ግን ገጥመዋት አያውቁም።

የደወሉላት የአዛውንቱ ባለቤት ናቸው። ደረጃውን እየመሯት ሲወጡ ነገሩን ቁርጥ ቁርጥ አድርገው ነገሯት።

«ከዜሮ ነው የምትጀምሪለት። ስለ ድሮው ምናምን አትጠይቂው፤ ይከፋዋል።»

«እሺ እትዬ።»

«ጋዜጣ ደግሞ አትግዢ። እዚህ ሞልቷል።»

ተቆራርጦ የተቀመጠ ርዕሰ አንቀጽ የሞላበት ካርቶን አሳዩዋት። ወረቀቱ ወይቧል። አንዱ ከአሥር ዓመት በፊት ስለፈረሰ ድልድይ፣ አንዱ ስለተቋረጠ ውሃ፣ አንዱ መቀመጫ አጥተው መሬት ላይ ስለሚማሩ ልጆች ይናገራል። ቆጣቢ ሴት ናቸው ብላ አለፈችው።

አዛውንቱ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ አይነሱም። ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት፤ የገዛ ቋንቋቸውም ቢሆን አንዳንዴ አፋቸው ላይ ይጠፋባቸዋል። የሚጽፉት በግራ እጃቸው ነው። ፊደላቸው የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ይመስላል። በልጅነታቸው የሚያስተምራቸው ሰው አጥተው ይሆናል ብላ አሰበች።

የመጀመሪያው ቀን ስለ ድልድዩ የተጻፈውን አነበበችላቸው። «ኔግሊጀንስ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ቸልተኝነት ማለት ነው ጋሼ።»

«ቸልተኝነት» አሉና ደብተራቸው ላይ አሰፈሩት። ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ ረዝሟል።»

«ምን እንደሚል ገባዎት?»

«አልገባኝም።» ትንሽ አሰቡ። «ግን ረዝሟል።»

ሳቋን አፈነች።

አንድ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ኮቷን ስትሰቅል ባለቤታቸው ወጥ ቤት ውስጥ በስልክ ሲያወሩ ሰማች።

«ቦታውን ያዙልኝ ነው የምላችሁ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጡት። አዎ፣ እንግሊዝኛው ገና ነው። ሁለት ወር ብቻ ታገሱኝ። ከቻለ ይመጣል፤ ካልቻለ በቃ፣ እዚሁ ከኔ ጋር ይቀራል።»

የባልና ሚስቱ ልጅ ባሕር ማዶ እንደሚኖር ታውቃለች፤ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአዛውንቱ ሙሉ ልብስ ከላውንደሪ ተተኩሶ ሲመጣ አይታለች። ነገሩ ተገጣጠመላት። ሰውየውን ልጃቸው ባለበት አገር፣ እንግሊዝኛ ብቻ ወደሚወራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሊልኳቸው ነው።

የራሷን አባት ወንድሞቿ መጦሪያ አስገብተዋቸው በሰባተኛው ወር ነው ያረፉት። ቀብራቸው ላይ አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህም አላለቀሰችም። ጠዋት ትነሳለች፣ ታስተምራለች፣ ትመለሳለች፤ በቃ።

የዚያን ዕለት ትምህርቱን ሳትጀምር ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ መሄዱን ይፈልጉታል?»

አዛውንቱ ጋዜጣው ላይ አፍጥጠው ቆዩ።

«እሷ ትፈልጋለች» አሉ። «እኔ... እኔ እፈራለሁ።»

ከማግስቱ ጀምሮ አምስቱን ቃል ወደ ሁለት አወረደችው። ከባድ ከባዱን እየዘለለች ማንም የሚያውቀውን ትሰጣቸው ጀመር፤ «ዋተር»፣ «ብሪጅ»።

«አምስት ነበር» አሉ አዛውንቱ።

«እንዳይደክምዎት ብዬ ነው።»

«አልደከመኝም።»

በነጋታው የግራ እጃቸውን አምስት ጣቶች ዘርግተው አሳዩዋት። ሁለት ቃል ሰጠቻቸው። ከሳምንት በኋላ መጠየቁን ተዉት።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ባለቤታቸው ደብተሩን አንስተው ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ምነው እንዲህ ሳሳ?»

«ዕድሜ ነው እትዬ። ከዚህ በላይ አይገባቸውም።»

ሴትየዋ ደብተሩን መልሰው አስቀመጡ። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። መምህርቷ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

በቀጣዩ ሰኞ በሩ ላይ ጠበቋት።

«ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ከነገ ጀምሮ አትምጪ።»

ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። መምህርቷ ግን ደረቷ ላይ የነበረ ሸክም ቀለል አላት። አባቷ ካረፉ ወዲህ እንዲህ ያለ ስሜት ሲሰማት የመጀመሪያዋ ነው። አዛውንቱን ልትሰናበት ገባች። ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀምጠዋል።

«ደህና ይሁኑ ጋሼ። እንኳን ቀሩ።»

ዞር ብለው አዩዋት። የሚሉት ቃል ሲፈልጉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አላገኙትም፤ ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

ስትወጣ ካርቶኑ በሩ ሥር ተቀምጦ አየች።

«እትዬ፣ የምትጥሉት ከሆነ ልውሰደው? ለሌሎቹ ተማሪዎቼ ይሆነኛል። ማን እንደጻፈው ባይታወቅም እጁ የተባረከ ሰው ነው።»

«ውሰጂው» አሉ ሴትየዋ። «ጋዜጣው ወንበሩን ለሌላ ሰጥቶበታል፤ እሱም እንደሆነ ሕመሙ ከጣለው ወዲህ ራሱ የጻፈውን ማንበብ እንዳቃተው ቀረ።»