ከራሳቸው ልስማ

አባቴ ከንጋት ጀምሮ ትንፋሽ አጥሮታል። ከንፈሩ ሲጠቁር ሳይ ደንግጬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጤና ቢሮ ማሽን ጠራሁት።

«አባቴን አሞታል! አምቡላንስ ላክልን!»

«ከራሳቸው ልስማ» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ።

ሕጉ ነው። ማሽኖቹ በሰው ሕይወት ላይ እንዳሻቸው እየወሰኑ ስላስመረሩን፣ ስለ አንድ ሰው ጤና ከራሱ ከሰውየው ቃል በቀር የማንንም እንዳያምኑ ተደረገ። እኛም ልናምናቸው የተስማማነው ከዚያ በኋላ ነው። ለሕጉ ቤት ለቤት ዞሬ ፊርማ ያሰባሰብኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

«ጋሽ ድልነሳው፣ እንዴት አደሩ?»

አባቴ እንግዳ የገባ ይመስል ከትራሱ ቀና ሊል ሞከረ። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

«ደስ ይላል። ጥሪው ተሰርዟል።»

«አባዬ፣ ስሞትልህ አሞኛል በለው!»

እጄን ያዘኝ። መዳፉ በረዶ ሆኗል። «ተይ እንጂ ልጄ» አለ ቃሉ እየተቆራረጠ፤ «እንዴት አደርክ ላለ ሰው በጠዋት ሕመም ይነገራል?»

ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከደነ፤ ብጠራው አልመለሰልኝም። ወደ ማሽኑ ዞሬ፣ መናገር እንደተሳነው እየጮህኩ ነገርኩት።

«የምቀበለው የእሳቸውን ቃል ብቻ ነው» አለኝ። ቀጥሎም ጠየቀኝ፤ «ድምፅዎ ይንቀጠቀጣል። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

አፌ ቀደመኝ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»