የየሺወርቅ ወንበር

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ከትምህርት ከቀረች ወንበሯ ላይ አባቷ ይቀመጣል፤ የወረዳው ሕግ ነው። አቶ ሽባባው ልጁን የሺወርቅን ውሃ ልኮ ሰባተኛ ክፍል ገባ።

"ሦስት ወረዳ ያስታረቅሁ ሰው ክፍልፋይ ሊያቅተኝ?" ሲል ፎከረ።

"እስቲ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ሲደመር?" አለች መምህሯ።

"ሁለት ሰባተኛ!"

ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው።

"ጋሼ፣ የሺወርቅ እኮ አንደኛችን ነበረች" አለች አንዷ ተማሪ።

"ነገም ከቀረች" አለች መምህሯ፣ "ወንበሩ ዓመቱን ሙሉ የእርስዎ ነው።"

ሽባባው "ነበረች" የሚለውን ቃል ለራሱ እየደጋገመ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ የሺወርቅ ደብተሯን ይዛ ወጣች፤ ሽባባው ጀሪካን አዝሎ ዳገቱን ተያያዘው።

"ምነው ጎበጥክሳ?" አለች ጎረቤቱ እየሳቀች።

"ይሄማ ላባ ነው!" አለ ላቡን እየጠረገ። "የከበደኝስ ክፍልፋይ ነው፤ እሱን ለልጄ ተውኩላት።"