ከባንኮኒው ጀርባ

ፀጉር አስተካካዩ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ሱሪውን በልብስ ሰፊው ከፍ ያለ ባንኮኒ ላይ ዘረጋው። «ደግሞ ተቀደደብኝ! ያ የወንበሬ ሚስማር እኮ ጠላቴ ሆነ» አለ እየሳቀ። ልብስ ሰፊው ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሚስማር የቀደደው ጨርቅ ክሩ ይተረተራል፤ ይሄ ግን ጥርት ብሎ በምላጭ የተቆረጠ ነበር። ቀና ብሎ በመስኮቱ ተመለከተ። በመንገዱ ላይ ያልተዘጋው የሁለቱ ቤት ብቻ ነው፤ የጓደኛው ወንበር ላይም ከጠዋት ጀምሮ ሰው አልተቀመጠም።

«አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮስ ሱሪ አልበረክትልህ አለ» አለው።

«ምን ላድርግ ወንድሜ? ብቻ አንተን አያሳጣኝ።»

«በል ሂድ፣ አሁኑኑ እሰፋልሃለሁ።»

ጓደኛው ሲወጣ ልብስ ሰፊው ከባንኮኒው ጀርባ ተቀመጠ። የስፌት መኪናውን ትናንት፣ ጓደኛው ዘግቶ ከሄደ በኋላ፣ የገዛው ሰው ጭኖት ሄዷል። ወለሉ ላይ የቀረው የመኪናው እግሮች ምልክት ብቻ ነበር። መርፌ አውጥቶ በእጁ መስፋት ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ከማዶ በሩ ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበለት። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የልብስ ሰፊው ትከሻ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊውም ጎንበስ አለና፣ ትከሻው እንዲነቃነቅ፣ ባዶውን ወለል በእግሩ ይረግጥ ጀመር።