ጀርባ የሌለው መጽሔት

አታሚው ሽሙኤል ገና ቀለሙ የሚሸት የመጽሔቴን ናሙና እጄ ላይ ያስቀምጣል። አክስቴ ባንቺአየሁ ከሽፋኑ ላይ ቀጥ ብለው ያዩኛል። ደረታቸው ላይ ነጭ ሳጥን ተለጥፏል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ባርኮድ ነዋ። ያለሱ ኪዮስክ አይቀበለውም። ቦታው ደግሞ የኋላ ሽፋን ነው፤ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ እንደዚያ ነው።"

"ይኼ የኋላ አይደለም! ዕብራይስጡ ከቀኝ ይከፈታል፣ አማርኛው ከግራ። መሐል ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ፊት ናቸው።"

"ኦሻራት፣ መጽሔት እንደ ሰው ነው። አንድ ፊት፣ አንድ ጀርባ።"

"እንግዲያው ያንተ ፊት ላይ እንለጥፈዋ!"

ይስቃል፤ እጁን ግን ከማሽኑ አያነሳም። "ያላ፣ ቶሎ ወስኚ። ከሰዓት በኋላ የሱፐርማርኬት የቅናሽ ማስታወቂያ ነው የማትመው።"

የሽፋን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። ኪዮስክ ለኪዮስክ ቆሜ፣ ሻጮቹ "ትገዢያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?" እስኪሉኝ እያየሁ ነው የተማርኩት። የመጽሔቱ ስም ከላይ፣ የባለፎቶው ዓይን ከአንባቢው ዓይን ትይዩ፣ ትልቁ ርዕስ ከትከሻ በታች። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። አክስቴን ለፎቶ ለማሳመን ግን ኪዮስክ አልረዳኝም። "እኔ ምን ሠርቼ?" እያሉ ስንት ጊዜ መለሱኝ። በመጨረሻ እሺ ያሉት "የፊት ገጽ ላይ ነው የሚወጡት" ስላልኳቸው ነው። ቃሌ ይኸው፤ በባርኮድ ተሸፍኖ።

በሩ ይከፈታል። ራሳቸው አክስቴ ናቸው። እዚሁ ኪርያት ማታሎን የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ከማተሚያ ቤቱ ማዶ ካለው ፋብሪካ የምሳ እረፍታቸውን ይዘው መጥተዋል፤ የሥራ ቆባቸውን እንኳ አላወለቁም።

ሽሙኤል ናሙናውን ከእጄ ወስዶ በአክብሮት ይሰጣቸዋል፣ የዕብራይስጡን ፊት ወደ ላይ አድርጎ። እዚያ ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ሐኪም አለ። አክስቴ ሐኪሙን ልብ ሳይሉት ገልበጥ አድርገው ከግራ ይከፍቱታል፣ ማንኛውንም መጽሐፍ እንደሚከፍቱት። ሽሙኤል ያያቸዋል።

ዘግተው ወደ ሽፋኑ ይመለሳሉ። ጣታቸው የባርኮዱ መስመሮች ላይ ይቆማል።

"አንቺ ልጅ፣ ዋጋ ለጠፋችሁብኝ እንዴ?"

ናሙናውን ልቀበላቸው እጄን እዘረጋለሁ፤ አይለቁትም።

"ታዲያ ስንት አወጣሁ?"

"ምን አለች?" ይላል አማርኛ የማይሰማው ሽሙኤል።

ሳላለዝብ እተረጉምለታለሁ። ጆሮው ድረስ ይቀላል። ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና ሳጥኑን ከአክስቴ ደረት አንስቶ፣ አጥብቦ፣ በዕብራይስጡ ፊት ከሐኪሙ ክንድ በታች ያቆመዋል።

"ሐኪሙስ?" እለዋለሁ።

"ነጭ ለብሷል፣ አይታወቅበትም።"

"በሰደር፣ እሺ፣ አትም" እላለሁ።

አዲሱ ናሙና ይወጣል። ሽሙኤል ጠረጴዛው ላይ ሊያስተኛው ይልና ያመነታል። አንዴ በዚህ ይገለብጠዋል፣ አንዴ በዚያ። በመጨረሻ ገርበብ አድርጎ ከፍቶ ያቆመዋል።

አክስቴ ራሳቸውን ቆመው ያያሉ። በፎቶው ውስጥ ያለውን ነጠላ የሚያስተካክሉ ይመስል በጣታቸው ይነኩታል። ከዚያ ጠረጴዛውን ይዞሩና በሌላው ፊት ወዳለው ሐኪም ጎንበስ ይላሉ።

"ይኼ ልጅ ደግሞ የማን ነው?"