ስለ አለቃ የሚባለው

ኦዲተሯ ከአዳራሹ ፊት ለፊት የቆመው መኪና ውስጥ ገብታ በሩን እንደዘጋች ከቦርሳዋ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አወጣችና መቀየር ጀመረች። «ቶሎ እንጨርስ፤ ሊጀምሩ ነው» አለች። ጎንበስ እንዳለች ነው የተናገረችው፤ ፊቱን አላየችም።

መሪውን ይዞ የተቀመጠው ባሏ ነው፤ ባሏ ማለት ከተቻለ። ልጃቸው ፈተና ላይ በነበረችበት ሳምንት ሁለት ሻንጣ ይዞ ከቤት ወጣ። ሌላ ሴት አለች ወይ ስትለው ዝም አለ። እሷም መልሱን ከዝምታው ወስዳ፣ ለዘመድም ለወዳጅም ሳትተነፍስ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች።

ዛሬ ያገናኛቸው የድሮ የክፍል ጓደኞቻቸው ደንብ ነው። ቢዝነስ ትምህርት ቤት ሳሉ የገበያ ጥናት ያስተማሯቸው መምህር ማንም የራሱን ሥራ ራሱ እንዲያቀርብ አይፈቅዱም ነበር። «ስለ ራሱ የሚያወራ ሻጭ ነው፤ ስለ ሌላው የሚያወራ ምስክር ነው» ይሉ ነበር። ተማሪዎቻቸው መምህሩን ቀብረዋል፤ ደንባቸውን ግን አልቀበሩም። በየጥቂት ዓመቱ ሲገናኙ አንዱ ተነሥቶ የሌላውን ወሬ ይናገራል፤ ማን የማንን እንደሚናገር በዕጣ ነው። ለባልና ሚስቱ ግን ዕጣ አይወጣም። እነሱማ አንዴ ተጣምረዋል ይባላል፤ ይሳቃል። መለያየታቸውን የሰማ የለም።

ሰሞኑን የባልየው ስልክ በክፍል ጓደኞቹ ወሬ ተጨናንቆ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ ሲያንኮራፋ የኖረው እንቅልፋሙ የፍራሽ ፋብሪካ ከፍቷል፤ ሙያውን አገኘ ተባለ። ያለ ኩረጃ ተፈትኖ የማያውቀው ደግሞ የፈተና ክፍል ኃላፊ ሆኗል። ከፊት ወንበር የማትጠፋዋ ልጅ በስተርጅና መንታ ወልዳለች። እሱ ሁሉንም አንብቦ ለሁሉም እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ መልሷል፤ አንዱም አልተሰማውም። ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ እግር ሆኗል፤ ቢቆነጥጡትም የሌላ ሰው ሥጋ ነው።

የክፍል አለቃ ስለነበረ ዛሬም አለቃ ነው የሚሉት፤ ሚስቱም በሌላ ስም ጠርታው አታውቅም። የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን ስሙና ወንበሩ ገጠሙለት። አሁን ባንኩ አሰናብቶታል። ይህንንም የሚያውቅ የለም፤ እሷም አታውቅም። የመጣው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሳታውቅ እንድትመሰክርለት ነው። እያወቀችማ አትዋሽም። ተማሪ ሳለች እንኳ ያልገጠመ ሒሳብ በግምት አልፋ አታውቅም።

በመጀመሪያ እሱ የሚናገርላትን የራሷን ወሬ ነገረችው። የመምሪያ ኃላፊ ሆናለች። ልጅቷ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፋለች፤ እሱንስ ያውቃል። የኦዲተሯ እናት ዓይናቸውን ታክመው ማየት ጀምረዋል።

«ፋሻው የተነሣላት ጊዜ ‹አለቃስ?› አለችኝ» አለች። «ቤት የለም አልኳት።»

አለቃ ራሱን ነቀነቀ። ልጄ ብለው የሚጠሩት ሴትዮ ናቸው፤ ሊያለቅስ ይገባው ነበር። የአዳራሹን በር ብቻ አየ። ሰዎች እየተቃቀፉ ይገባሉ።

«የአንተን ልሞክረው» አለችና ዓይኗን ከፊት መስታወቱ ላይ ተከለች። ድምፅዋ ሪፖርት የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው። አለቃን ታውቁታላችሁ ብላ ጀመረች። ያው ቅርንጫፉን እየመራ ነው፤ ጠዋት ከጥበቃው እኩል ነው የሚገባው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ዋና ያስተምራል።

«ስለ ቤታችን አላነሣም፤ የሌለ ነገር ግን አልጨምርም። አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፤ አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። ስለ ሴትዮዋ ስጠይቅህ እንኳ ዝም አልክ እንጂ አልዋሸኸኝም።»

የመጣበትን አገኘ። የቀረው በቃ ጥሩ ነው ብሎ መውረድ ብቻ ነው። እጁን ወደ በሩ መክፈቻ ሰደደና መለሰው።

«ቅርንጫፉን አልመራም» አለ። «አሰናብተውኛል።»

«መቼ?»

«አርብ ዕለት። ልጅቷ ሰኞ ፈተና ልትጀምር።»

ቁጥር ስትደምር እንደምታደርገው ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። አለቃ ይህን ከንፈር ከተማሪነቷ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ድምሩ እስኪወጣ ጠበቀ።

«ረቡዕ ነው ከቤት የወጣኸው።»

«አዎ።»

«ሴትዮዋስ?»

«የለችም። ከሥራ ተባርሬያለሁ ብዬ ፊታችሁ ከምቆም፣ እንደዚያ ብታስቢ ቀለለኝ።»

«እኔ እኮ ይህን ሁሉ ጊዜ መልኳን ስስል ነበር» አለች። «ቁመት ሳይቀር ሰጥቻታለሁ። ከእኔ ትረዝማለች።»

መስታወቱ ተንኳኳ። እንቅልፋሙ ነው፤ ሆዱን በአዲስ ኮት ቆልፎ፣ ቤታችሁ አልበቃ ብሏችሁ ነው እዚህ የምታወሩት እያለ ይስቃል። ኦዲተሯ መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋ «እናንተ ጀምሩ» አለችውና መልሳ ዘጋችው። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

አለቃ ጣቶቹን ከመሪው ሊያላቅቅ ሲል ነዘረው፤ ደንዝዞ የቆየ እግር ሲነቃ እንደሚነዝረው።

እሷ ጎንበስ ብላ ባለ ተረከዝ ጫማዎቿን አንድ በአንድ አወለቀች። ሩቅ መንገድ ሲሄዱ እንደምታደርገው እግሯን አጥፋ ወንበሩ ላይ ወጣችና ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ከአርብ ጀምርልኝ» አለች።